የደፈረሱት የሊሊ ጠርሙሶች

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ። ጧት 3 ሰዓት።

ሙና ናት። ሌላ ማንም አይደለም፣ ሙና ናት ያበላሸችው።

መደርደሪያ ሁለትን ስወለውል አየሁ። ሰባት ጠርሙስ ደፍርሷል። ከሥር፣ ተክሉ በተቀመጠበት ዙሪያ፣ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ትናንት ጥርት ያለ ነበር። አንዱን አንሥቼ ወደ መብራቱ አዘነበልኩ። ሞራ የወጣበት ዓይን።

ሙናን ጠራሁ። መጣች፣ አየች። ከዚያ ሰባቱንም ሳትከፍቺ ቀቅለሽ ድፊያቸው አለችኝ። በቃ። የስንት ወር ድካም፣ ቀቅለሽ ድፊ።

ቀቀልኩ። በእንፋሎት ድስቱ፣ እዚህ ኮኮት በሚሉት። ሲከፈት ሽታው እንደ ተበላሸ ሾርባ ነው።

ከሰዓት። ማዳም ሮዳ መጣች። (ስሟ ይረዝማል። ከዚህ በኋላ ማ/ሮ።) ቆጠረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ እሷ ስትናደድ ትቀዘቅዛለች። ያበላሸው ሰው ወሩ ሳያልቅ ከዚህ ቤት ይወጣል አለች። ሙናን እያየች ነው ያለችው። ሙና የመኖሪያ ካርዷ በማ/ሮ ስም ነው የወጣው። ሥራው ከሄደ ካርዱም ይሄዳል። ካርድ የሌለው ሰው በዚህ ከተማ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ይሁን። እኔ አላዝንም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ። ረፋድ።

የበፊተኛው ደብተር ሁሉን ያውቅ ነበር። አንቺ አዲስ ነሽ፣ ልንገርሽ።

ማ/ሮ ሄሮን፣ ባሕሩ ዳር፣ የአበባ ሱቅ አላት። ለሆቴል፣ ለሠርግ። ሊሊ አበባ በአውሮፕላን ሲመጣ ግማሹ ሞቶ ይደርሳል። ስለዚህ እዚሁ አምቡሊ፣ የሟች እናቷ ቤት ጓሮ ያለውን ክፍል ሊሊ ማራቢያ አደረገችው። ዘር አይደለም የሚዘራው። የሊሊ ሥር እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው። አንዱ ንብርብር ይነሣል፣ በበረኪና ይታጠባል፣ ጥፍር ጥፍር እያከለ ይቆረጣል፣ ጠርሙስ ውስጥ ስኳር ያለበት የረጋ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ሁለት ወር። ከቁራጩ ጎን ትንንሽ ሽንኩርቶች ይወጣሉ። እነሱም ተነሥተው ሌላ ጠርሙስ ይገባሉ። ከአንድ መቶ። አፈር የለ፣ ፀሐይ የለ። ውጭ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ሙቀት፣ እነሱ ኤሲ ውስጥ።

ጠላታቸው አንድ ነው። ቆሻሻ። ምግቡ ጣፋጭ ስለሆነ በዓይን የማይታይ ነገር ቢገባበት ከሊሊው ቀድሞ ያድጋል። ስለዚህ ጠርሙስ የሚከፈተው ንጹሕ አየር በሚነፋው ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። በጓንት፣ በማስክ፣ በአልኮል።

እናት የሚሏቸው ሦስት ሥሮች ነበሩ። ተቆርጠው አልቀዋል። ያለን ጠርሙስ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ሥራውን የምታውቀው ሙና ናት። የድሬዳዋ ልጅ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ኮሌጅ የተማረች። እኔ ጠርሙስ አጥባለሁ፣ ምግቡን እቀቅላለሁ፣ ወረቀት ጽፌ እለጥፋለሁ።

ከእሷ በፊት ያ ክፍል የእኔ ነበር። ልብስ እተኩስበት ነበር። የማ/ሮን እናት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሥቼ ጥያለሁ፣ ሲታመሙ ገላቸውን አጥቤያለሁ። ሲሞቱ እንደ አሮጌ ቁም ሣጥን ቀረሁ። ከዚያ ሙና ነጭ ጋዋኗን ለብሳ መጣች። በመጀመሪያው ቀን አንቺ አለችኝ። የድሬ ልጅ አንቱታ አያውቅም፣ ንጉሥንም አንተ ነው የሚሉት። እኔ ግን የመንዝ ሰው ነኝ።

ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። አዝናልኝ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ ቀኑ፣ ዓይነቱ፣ የከደነው ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደል መጻፍ አለበት፣ እሷ ጊዜ የላትም። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ እርሳስ ያዝኩ። አንድ ቀን የጻፍኩትን አየችና፣ እማማ፣ ይሄ ሀ ነው ወይስ የተገለበጠ በርጩማ፣ ብላ እስክትነፈርቅ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ብዙ ቆየሁ።

ያንን ሳቅ ይዤዋለሁ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ። የዕረፍት ቀን። ካርቲዬ 2 ሰፈር፣ ቤቴ።

ቆርቆሮው ይጮኻል። ንፋስ።

ያን ቀን አስባለሁ። ሙና ሳጥኑ ሥር ተቀምጣ ትንንሾቹን ወደ አዲስ ጠርሙስ ታዛውራለች። አሥር አሥር እያደረገች። አዛን ተሰማ። እማማ፣ እነዚህን ክደኚልኝ፣ ሰግጄ መጣሁ አለችኝ። ክፍት ትታቸው ሄደች። የእኔ ሥራ አይደለም። ሳጥኑ ሥር ያልተማረ ሰው እጁን እንዳያስገባ ብላ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት። እንዲህ ያደረገችው አንድ ቀን ብቻም አይደለም፣ ወሩን ሙሉ ነው።

እኔ የምችለውን አደረግሁ። እጄን በአልኮል፣ ጓንት። ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ፣ ነጫጭ፣ ከእያንዳንዱ ራስ ላይ አንዲት አረንጓዴ ምላስ። ልጅ አልወለድኩም። እንደ አራስ ልጅ መረቅኋቸውና ከደንኩ። ቀኑን ጻፍኩ፣ የስሜን አ ጻፍኩ።

የእኔን ድርሻ በሥርዓት ሠርቻለሁ። ያቺ ግን ትታ ሄደች።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። 6 ሰዓት።

ማ/ሮ ወደ ሳሎን ጠራችኝ። ተቀመጪ አለች። በሃያ ሦስት ዓመት ያ ሶፋ ላይ ስቀመጥ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው እናቷ ያረፉ ዕለት።

ምን አየሽ አለችኝ። ያየሁትን ነገርኳት። ታዲያ ጻፊው አለችኝ። ማ/ሮ ልጅ ሳለች ድሬዳዋ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፣ አማርኛ ታነባለች።

ጻፍኩ። ስድስት መስመር። ሙና በሥራ ሰዓት ጠርሙሶቹን ክፍት ትታ እንደወጣች። ላልተማረ ሰው እንደተወቻቸው። ይህንንም ደጋግማ እንዳደረገች። ከሥር ስሜን ጻፍኩ፣ አስካለ። ድሮ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን ነበር የምጫነው።

ማ/ሮ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጽሑፍሽ ንጹሕ ነው አለችኝ።

ከሰዓት። ዋርዲያው ሑሴን ጫቱ ደርሶለት ግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ወሬው ደርሶታል። እማማ፣ ጸሐፊ ሆንሽ አሉ፣ እንግዲህ ወደብ መሄድ ነው፣ የመርከብ ወረቀት የሚጽፍ ጠፍቷል፣ አለኝ። አንተ በቅጠል የጨረስከውን ጥርስ ቁጠር አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ።

ደስ ብሎኛል። ለአንቺ ምን እደብቃለሁ። ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። ጧት።

መደርደሪያ ሦስትም። አሥራ ዘጠኝ ጠርሙስ። ያው ወተት።

ማ/ሮ የጻፍኩትን ወረቀት ለሙና አሳይታታለች። ሙና ወደ ማጠቢያው መጣች። ትጮኻለች ብዬ እጄን ከውኃው ሳላወጣ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ትቼ መውጣቴ እውነት ነው፣ ጥፋት ነው አለች። አንቺ ትክክል ጽፈሻል።

ከዚያ እንዲህ አለች፤ ቃሏን አስታውሳለሁ። «ግን እማማ፣ አየር የሚያመጣው ሻጋታ ነው። ጸጉር ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር። ይሄ ግን ወተት ነው። ወተት የሚመስለው ከሰው ነው የሚመጣው።»

ከማን ሰው አልኳት።

እሱን ነው የምፈልገው አለች። ማ/ሮን ጥቂት ቀን ለምናለች። ነገ ፈተና እናደርጋለን።

ራሷን ለማዳን ነው። ያደርገዋል፣ ካርዱ በሰው እጅ ያለ ሁሉ እንዲህ ነው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ። 5 ሰዓት።

የሆነውን በተርታ።

ሙና ጠፍጣፋ ሳህኖች አዘጋጀች። ያው የረጋ ምግብ ያለባቸው። ያን ቀን የሠራነውን ሁሉ፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ፣ በሳህን ላይ እንሠራለን አለች። መጀመሪያ እሷ ሠራች። ከዚያ የእኔ ተራ። እሷ ወጥታ ከመስታወቱ በር ጀርባ ቆመች።

እጅጌ ሰበሰብኩ። አልኮል። ጓንት። ማስክ። ተቀመጥኩ። ሳህኖቹ ክፍት ናቸው። ያን ቀን እንዳደረግሁት ጎንበስ አልኩ። እጄ በራሷ ሄዳ ማስኩን ወደ አገጬ አወረደች። እንትፍ፣ እንትፍ። እደጉ፣ ተመንደጉ። ማስኬን መለስኩ። ከደንኩ።

ቀና ስል ሙና እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። የምትስቅ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። አልሳቀችም ግን።

ገባች። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፣ ሁልጊዜ ነው የምታደርጊው?

ታዲያስ አልኳት። እናንተ ጋ አዲስ የተወለደ ሳይመረቅ ይሸፈናል?

እኛም ጋ አያቴ እንትፍ ትለን ነበር አለች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከነጋዋኗ፣ በዚያ በምትጠብቀው ነጭ ጋዋኗ።

ምን ሆንሽ አልኳት። ሦስት ቀን እንጠብቅ ብቻ አለች።

ማስክ ለሳል፣ ጫት ለሚሸት አፍ ነው ብዬ ነበር። የእኔ ምራቅ ምን አለው? ዓርባ ጾሜያለሁ፣ ክፉ አልበላሁም። ምን አለው?

ጥቅምት 14፣ ዓርብ። ጧት፣ ሄሮን።

ባሕር ዳር ተቀምጫለሁ። ውኃው ሸሽቷል፣ ጭቃው ይሸታል። ወደብ በኩል ክሬኖቹ ቆመዋል።

ከመንዝ ስወጣ አባቴ መዳፌ ላይ እንትፍ አለልኝ። ፊትሽን አብሽበት አለ። አበስኩ። ሌላ ምንም አልሰጠኝም፣ ሌላ ምንም አልነበረውም። ድሬ ደረስኩ፣ ባቡር ተሳፈርኩ፣ እዚህ መጣሁ። የሰው ቤት፣ የሰው ልብስ፣ የሰው ሽንት። ባሌ ወደብ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ከሌላ ሴት ጋር ወደ አሰብ ሄደ። ያ ምርቃት ምን ሠራልኝ ብዬ አንዳንዴ እላለሁ። ግን ቆሻሻ ነው ብዬ አላውቅም።

ነገ ይታያል። የሙና ሳህን ቢደፈርስ። ምነው ቢደፈርስ። ይኸው ጻፍኩት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ። 4 ሰዓት።

የሙና ሳህን ጥርት ያለ ነው። ዳር ላይ አንዲት የሻጋታ ነጥብ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል። በቃ።

የእኔ ደፍርሷል። ወተት፣ መካከሉ ላይ ወደ ሮዝ የሚያደላ። ጠብታዎቹ የወደቁበት ቦታ ሳይቀር ይታያል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ የተረጨ። አፌን ሥዕል አድርጎ ያነሣው ይመስላል።

ብዙ ቆሜ አየሁት። ሙናም አጠገቤ ቆማለች።

ከዚያ ሳህኑን አንሥታ በረኪና ባልዲ ውስጥ ከተተችው። ለማ/ሮ ምንም አላገኘሁም እላለሁ አለች።

ለምን አልኳት።

«እማማ፣ ሽማግሌ መረቀን ብዬ ልክሰስ? አያቴ ብትሰማ በቁሜ ነው የምትረግመኝ።»

ካርድሽስ አልኳት።

ካርዴ የእኔ ጉዳይ ነው አለች። ደግሞ ትቼሽ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ማስኩ ለምን እንደሆነም አስረድቼሽ አላውቅም፣ አድርጊ ብቻ ነው ያልኩሽ። መናገር ካሰኘሽ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ አልናገርም።

ይቺ ልጅ ደግሞ ጨዋ ልትሆንብኝ ነው። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ስድቡን አውቅበታለሁ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ። ከሰዓት።

ማ/ሮ ወሰነች። ሙና ከዛሬ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ አትገባም። ጋዋኗን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ቁልፉን ሰጠች። ለሑሴን እንኳ ደኅና ዋል አለችው። እኔ ጠርሙስ አጥብ ነበር። አንድ ጠርሙስ አራት ጊዜ አጠብኩ።

እናገራለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ውኃው በብርቱ ይወርድ ነበር፣ ማንም አልሰማኝም። እንዲሰማኝም አልፈለግሁም ይሆናል።

ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የእኔም ካርድ በዚህ ቤት ስም ነው። ወዴት እሄዳለሁ?

ስድስቱን መስመሮች በቃሌ አልኳቸው። ክፍት ትታ ወጣች፤ እውነት። ላልተማረ ሰው ተወች፤ እውነት። ደጋግማ፤ እውነት። ውሸት ፈልጌ አጣሁ። እውነት ብቻ ተጽፎ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣዋል ብዬ አላስብም ነበር።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ። ጧት።

ብቻዬን ነኝ። መደርደሪያዎቹን በሙሉ አየሁ፣ አንድ በአንድ፣ መነጽሬን አድርጌ።

ንጹሕ የቀረው አርባ አንድ ጠርሙስ ነው። ሁሉም ላይ ሙ አለ። የደፈረሰው ሁሉ ላይ አ።

በእጄ የጻፍኩት ነው። በእጄ ለጥፌ፣ በእጄ ቀቅዬ፣ በእጄ ደፍቼ፣ አላየሁም። ቀኑን ብቻ ነበር የማነበው። ሙና ግን አይታለች። ገና ያኔ፣ ከፈተናው በፊት አይታለች። ሳህኑን ያዘጋጀችው እኔን ለመያዝ አልነበረም፣ ምኔ እንደሆነ ለማወቅ እንጂ።

ነገ ዓርብ ነው። ቅዳሜ እናገራለሁ። ለአንቺ ጻፍኩ፣ አላፈገፍግም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ። 7 ሰዓት።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ምርቃቱን፣ ማስኩን፣ ሳህኑን፣ ሙ እና አ ያለውን ሁሉ። ቤቴ ጻፍኩት፣ ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት። ሳሎን ገብቼ ሰጠኋት። ተቀመጪ አላለችኝም፣ ቆምኩ።

ማ/ሮ አነበበች። ፈገግ አለች። አስካለ፣ ልብሽ ጥሩ ነው፣ ለአገርሽ ልጅ አዘንሽላት አለችኝ።

አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኳት።

«አያቴ ውኃ ላይ ቁርዓን ቀርተው፣ እፍ ብለው፣ እንትፍ ብለው ያጠጡን ነበር። ይኸው አለን። ሰው ያልገደለ ምራቅ ሊሊ ይገድላል?»

ጠርሙሶቹን እዪ፣ የተጻፈውን እዪ አልኳት።

የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ አለችኝ። ሳቀች። በክፋት አይደለም። ስልኳ ጮኸ፣ ሆቴል ነው፣ በፈረንሳይኛ ማውራት ጀመረች። ሁለቱን ገጾች የአበባ ማስቀመጫው ሥር አደረገቻቸው። ውኃ ነካቸው፣ ቀለሙ ሲሰፋ አየሁ።

መራራውን ወረቀቴን በአንድ ንባብ አመነችው። ይሄኛውን እንደ ሕፃን ሥዕል አየችው። ለሃያ ሦስት ዓመት ሳማርር አዳምጣኛለች። ሳማርር ነው የምታውቀኝ። ምሬቴን አወቀችው፣ ሌላውን ከየት ታውቀው።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ። ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ።

ዛሬ ጧት ማ/ሮ ጋዋኑን ሰጠችኝ። አዲስ ሰው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አንቺ ያዢው፣ ስታዪ ስታዪ አውቀሽዋል አለችኝ።

ለበስኩ። እጅጌው ረዘመ፣ አጠፍኩት። በሁለት ማስክ ተቀመጥኩ። ከሙና ንጹሕ ጠርሙሶች አንዱን ከፈትኩ። ትንንሾቹን በወረንጦ ለያየሁ፣ ወደ ሦስት አዲስ ጠርሙስ አዛወርኩ። ትንፋሼን ይዤ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይሄን ማለት ያሳፍራል፤ ደስ አለኝ። ሦስቱን ጠርሙስ እስክከድን ድረስ ሙናን አላሰብኳትም።

ከዚያ አሰብኳት።

ካርቲዬ 6 ሄድኩ። የአጎቷ ልጅ ቤት ናት፣ አንድ ክፍል፣ አምስት ሰው። ለማ/ሮ ነገርኳት፣ አላመነችኝም አልኩ። ሻይ ቀዳችልኝ። የአጎቷ ልጅ ከጎን ሆና በኦቦክ በኩል መሄድ ይሻላታል፣ ጀልባ አለ፣ ከባሕሩ ማዶ ሥራ አለ ትላለች። ሙና፣ እኔ ታክሲም ያስመልሰኛል፣ አለቻት። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያ መንገድ ስንቱን እንደበላ የማያውቅ የለም፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ለዚህ ነው የሚሳሳቁት።

ስለ ካርዱ ጠየቅኋት። አስረዳችኝ። ገና አልተሰረዘም። ማ/ሮ ሙና በፈቃዷ ሥራ ለቃለች የሚል ወረቀት፣ ከሥራ ባልደረባ ምስክር ጋር፣ ለቢሮው ካላስገባች ዓመቱ እስኪያልቅ ይሠራል። እስከዚያ ሌላ ቀጣሪ መፈለግ ትችላለች። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች መልስ እንሰጥሻለን ብለዋታል።

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ስለ ጠርሙሶቹ ነው። ኤሲው ስንት ላይ ነው? መብራቱን በሰዓቱ ታጠፊያለሽ? አርባ አንዱ ደኅና ናቸው?

ደኅና ናቸው አልኳት።

ስወጣ በር ድረስ ሸኘችኝ፣ ክንዴን ይዛ። ደረጃው ተሰብሯል፣ እማማ፣ ቀስ በይ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ። 5 ሰዓት ተኩል።

ማ/ሮ ሳሎን ጠራችኝ። ተቀመጪ አለች። ሦስተኛዬ።

ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ ብዕር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባለሙያ በሙና ቦታ ነው የሚገባው፣ ቦታው ክፍት መሆን አለበት አለች። ስለዚህ ሙና በገዛ ፈቃዷ ሥራዋን ትታ እንደሄደች አንቺ ትመሰክሪያለሽ። በአማርኛ ጻፊው፣ ወደ ፈረንሳይኛ አስገለብጠዋለሁ። ጽሑፍሽ ንጹሕ ነው።

በፈቃዷ አልሄደችም አልኳት።

አውቃለሁ አለች። ወረቀት ነው፣ አስካለ። ማንንም አይጎዳም።

ቀኑን ጻፍኩ። ሙና ብዬ ጻፍኩ። ማ/ሮ ቃሉን እየነገረችኝ ነው፣ በገዛ ፈቃዷ፣ በገዛ፣ ፈቃዷ፣ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደምታስጽፍ። መስኮቱን አየሁ። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ አለፈ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቅን፣ አምቡሊ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፣ ወሬ ይቋረጣል። ድምፁ አለፈ።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

አመመሽ አለችኝ።

አላመመኝም አልኳት።

ታዲያ ጻፊ።

አልጽፍም አልኳት። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ ደገምኩት። አልጽፍም።

ማ/ሮ ቀዘቀዘች። እናቴ ባትወድሽ ኖሮ ዛሬ የት ነበርሽ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነት ነው፣ አላውቅም። ሌላ ምስክር የሚሆን ሰው እንደሌለ እሷም እኔም እናውቃለን። ሑሴን በር እንጂ ክፍሉን አያውቅም።

ጋዋኑን አወለቅሁ። አጣጠፍኩ። ቁልፉን ከላዩ አደረግሁ። መብራቱ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ነገርኳት፣ ሊሊዎቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም።

8 ሰዓት። ቤቴ።

ሰኞ ልምጣ አልምጣ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። ለሙና ገና አልነገርኳትም፣ ጀንበር ስትቀዘቅዝ እሄዳለሁ። ወረቀቱ አልገባም እላታለሁ። ሌላ አልጨምርም፣ ምስጋና መቀበል አልችልበትም።

ካርዴ እስከ ጥር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም።

አንቺን ማንም ጻፊ ብሎኝ አይደለም የምጽፍሽ። እጄ አሁንም ይጽፋል። ግን ከእንግዲህ ጻፊ ስለተባልኩ አልጽፍም።